በሬው ያልተጻፈበት የዋስ ወረቀት

ከደሴቲቱ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሶዳዬ ለእህቴ ባል፣ ደግሞም ለዋሴ ለሙህዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አካም ጅርታ? ጎረቤቱ፣ ገበያው፣ የከሚሴ አቧራ ሳይቀር እንደምን ነው? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልቀጥል በዚህ ወር የዋሸሁት ለዓመት ይበቃኛል። በሕይወት አለሁ። እሱን ያለ ሐሰት እጽፍልሃለሁ።

ባሕሩ ምን ያህል ነው ብለሃል። የጨፋን ሜዳ በክረምት፣ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ሲተኛበት ታውቀዋለህ። እሱን አስብና ሣሩን አውጣለት። ወፉን አውጣለት። ማዶ ያለውን ተራራ አውጣለት። ከሥሩ ያለውን መሬትም አውጣለት። የቀረው ባሕር ነው። እኔ መካከሉ ላይ በተረሳች አንዲት ጉብታ ላይ ነኝ። ከምጽዋ በጀልባ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ያን ግማሽ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ያሲን ስቀራ ስለመጣሁ መንገዱን ብትጠይቀኝ አላውቀውም። ለረቢአ ምጽዋ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ፣ መሬት ላይ እንደምሠራ ንገራት። እህቴን ታውቃታለህ፤ ወንድሟ በውሃ መከበቡን ከሰማች እዚያው ሆና ትሰጥማለች።

ሥራውን ጠይቀሃል። ሥራው እንግዳ ማዝናናት ነው። እንግዶቹ ከአስመራ የሚመጡ ጣልያኖች ናቸው። ሥራ ሰልችቷቸው ሊያርፉ መጡ ይባላል፤ የሚያርፍ ግን አላየሁም። ጠዋት ልብሳቸውን ያወልቁና ዘይት ተቀብተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ አንዱ ጎን ሲቀላ እንደ በርበሬ ይገላበጣሉ። ከዚያ በጀልባ ደሴቲቱን ይዞሩና ከተነሡበት ቦታ ሲደርሱ ያጨበጭባሉ። ዓሣ ይይዛሉ፣ ከጎኑ ፎቶ ይነሣሉ፣ መልሰው ይጥሉታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊታቸው ላይ መስታወት አስረው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ምን ጠፋብዎ ስትላቸው ምንም አልጠፋም፤ ዓሣ ሊያዩ ነው። ዓሣውም ያያቸዋል። ተያይተው ይለያያሉ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። የማረፊያው ባለቤት ሲኞር ጂኖ የቀጠረኝ ግን ጃንጥላ እንድተክል ብቻ አይደለም። ከእንግዶቹ ጎን እየዋኘሁ የደከመውን ይዤ እንዳወጣ ነው። አመንኩት ያለው ደግሞ አንተ የፈረምክበትን የዋስ ወረቀት ነው። ረስተኸው እንደሆነ ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «አብዱሰላም የቦርከናን ወንዝ በክረምት ሙላት፣ ያለ ጀልባና ያለ ድልድይ፣ ሰው ይዞ የሚሻገር ለመሆኑ በአካሌና በንብረቴ ዋስ ነኝ።» ሐሰት የለበትም። ከብቱ በበሽታ ሳያልቅብን ወደ ባቲ ስንነዳ ስንቴ ተሻግረናል! ግን ሙህዲን፣ እኔ የበሬውን ጭራ ይዤ፣ አንተ የእኔን ወገብ ይዘህ ነበር። የዋኘው በሬው ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በሬው አልተጻፈም።

እስካሁን በብልሃት አምልጫለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ጆሮዬ ታመመ፣ በሁለተኛው ቀኙ። ሰኞና ሐሙስ የሱና ጾም ነው፣ ጿሚ ውሃ ውስጥ አይገባም አልኩ። ግን ጆሮ ሁለት ብቻ ነው፤ ሳምንቱም ሌላ አምስት ቀን አለው። ስለዚህ ዋና እንዴት እንደሆነ ከሚያውቅ ሰው ጠይቀህ በዝርዝር ጻፍልኝ። እዚህ ማንንም መጠየቅ አልችልም፤ አዋቂ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአብዱሰላም፤

የከሚሴ ሰላምታ ይድረስህ። ደብዳቤህን ስጀምር ስቄ ነበር። «በአካሌና በንብረቴ» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። አንተ ብትሰጥም የምትሞተው አንተ ነህ። እንግዳ ቢሰጥም ግን የሚታሰረው ሙህዲን ነው።

አዎ፣ ትክክል ብለሃል፤ የዋስ ወረቀቱን የጻፈው ጸሐፊ «የሚጨመር አለ?» ሲለኝ በሬውን አስቤው ነበር። ወላሂ አስቤው ነበር። ግን አንተ በጫማህ እግሬን ትረግጠኝ ነበር።

ጥያቄህን ይዤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ወረድኩ። ከውሃው ዳር ተወልዶ ከውሃው ዳር ያረጀ ሰው ፈልጌ ኦቦ ዓብዱን አገኘሁ።

«ኦቦ ዓብዱ፣ ሰው ጥልቅ ውሃ ሲገባ ምን ያደርጋል?»

«ጭራውን ይይዛላ።»

«በሬ ባይኖርስ?»

«ላም።»

«ከብት የሚባል ጭራሽ ባይኖርስ?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ታዲያ ማዶ ምን ልትሠራ ትሻገራለህ?» አለኝ።

ሌሎች ስድስት ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። አንዱ በቅሎ አለኝ፤ የቀሩት በሬ አሉኝ። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራሴ ቦርከና ገባሁ። ወንዙ ጎድሏል፤ ቢሆንም እስከ እምብርቴ የሚደርስ ኩሬ ፈልጌ እዚያ ቆሜ እንቁራሪት አጠናሁ። ያየሁትን እጽፍልሃለሁ። እግሯን ትሰበስብና ትወረውራለች። ደረቷን ወደፊት ትሰጣለች። አፏን ትዘጋለች። አትጮህም። አንተን የምታስቸግርህ ይቺ የመጨረሻዋ ትመስለኛለች። ራሴም ልሞክራት ብዬ ነበር፤ እግሬ ግን መሬት መልቀቅ እምቢ አለኝ። ኩሬ ውስጥ ልቤ እንዲህ ከመታ አንተስ እዚያ እንዴት አድርጎህ ይሆን እያልኩ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ረቢአ «ሱሪህን ምን ነካው?» አለች። ዝናብ አልኳት። «በኅዳር?» ብላ ሰማዩን ልታይ ደጅ ወጣች። ሱቁ ምን ይሸጣል ስትለኝ ጨርቅ ብያታለሁ። አሁን ቀይ ሻሽ ይላክልኝ ትልሃለች። ምን እንደምታደርግ አንተ እወቅ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሃው ውስጥ የሚኖር ፍጥረት አለ? ጥርስ ያለው ማለቴ ነው።

ሙህዲን


ከደሴቲቱ፣ ኅዳር 27 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሙህዲን፤

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ስለ ጥርሱ፤ አለ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ሻሹ ጊዜ ይወስዳል በላት፤ ቀዩ አልቋል፣ ከዓደን እስኪመጣ ነው በላት።

እንቁራሪቷን ተቀበልኳት። ግን በውሃ አልጀመርኩም። እንግዶቹ ሳይነሡ ከማለዳው አሸዋው ላይ በሆዴ ተኝቼ እግሬን እሰበስባለሁ፣ እወረውራለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ወፍራም ሴትዮ መጥታ ከራስጌዬ ቆመች። ተነቃብኝ ብዬ ሸሃዳ ስይዝ ኮፍያዋን አስተካክላ ከጎኔ ተኛችና እግሯን ትሰበስብ ጀመር። በማግስቱ ባሏን አመጣች። በሳምንቱ አሥራ አራት ሆኑ፤ ከመካከላቸው አንድ ዳኛና ሁለት መሐንዲሶች አሉ። ሲኞር ጂኖ የቀኑ መዝናኛ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ከጀልባ ዙረቱ በላይ ጻፈው፦ «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የከሚሴ ስፖርት።» አንድ ሽማግሌ ወገቤ ተፈታልኝ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አገራችን በዓለም ታወቀችልህ፤ በሆዷ ተኝታ።

ስትስቅ ይታየኛል። አትሳቅ። እኔ ከሳቅሁ ሁለት ወር አልፎኛል። እህል ስቀምስ አሸዋ አሸዋ ይለኛል። ሶላት ቆሜ እንኳ ውሃው ከኋላዬ ይሰማኛል፤ አንድ ነገር ሊለኝ የቆመ ሰው ይመስለኛል፤ አሰላምቼ ስዞር ቀርቦ አገኘዋለሁ። ሞገድ ይመጣል ይሄዳል ይሉኛል። እኔ መምጣቱን ነው የማየው።

ጀልባ ነጂው ሙሳ የዚሁ የደሴቲቱ ተወላጅ ነው። ትናንት ገመድ እያጠነጠነ፦

«አብዱሰላም፣ ሌላው ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ ባሕሩን ያያል። አንተ ጀልባውን ነው የምታየው።»

«ጀልባው ቆንጆ ነው።»

«ስንጥቅ ነው የምትፈልገው።»

ዓይኔን ከጀልባው ወደ ገመዱ አዞርኩ።

«አልናገርብህም» አለኝ። «መሬት ላይ ከሚዋሽ ሰው ጋር አብሬ እበላለሁ፤ እኔም አንዳንዴ እዋሻለሁ። ጀልባዬ ላይ ግን አልፈልገውም።»

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ታኅሣሥ 23 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው። ብዙ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይመጣል። ያን ቀን ልጆቹን ዓሣ ወደሚታይበት ቋጥኝ በዋና የምወስደው እኔ እንድሆን ተወስኗል። ከጀልባው እስከ ቋጥኙ ከእናንተ ደጅ እስከ መስጊዱ ይሆናል። ጆሮዬ አልዳነም ስለው ሲኞር ጂኖ «በጆሮህ ነው እንዴ የምትዋኘው?» አለኝ።

ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፍ።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአብዱሰላም፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። ደብዳቤህ ዘግይቶ ገና ትናንት ደረሰኝ።

አትግባ። ታመም። እግርህን ስበር። ጀልባው ላይ ስትወጣ ተንሸራተህ ውደቅ። ወደ መሬቱ በኩል ማለቴ ነው።

ግን እውነቱን አትናገር። ስለ አላህ ብዬሃለሁ፣ አትናገር። ባለፈው ሳምንት እዚህ አንድ ሰው፣ ዋስ የሆነለት ልጅ ስለጠፋ ብቻ፣ ከገበያ መካከል ተይዞ ሲወሰድ በዓይኔ አይቻለሁ። የገዛውን ሽንኩርት እንኳ የሚቀበለው ሰው አላገኘም፤ ይዞት ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር የመጡብኝ ይመስለኛል። ረቢአ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች፤ ጨጓራዬ ነው እላታለሁ። ይህም ሐሰት አይደለም።

በሾፌሩ እጅ ጭኮ ልካልሃለች። «ሱቅ ውስጥ ለብቻው እንዳይበላ፣ ለባለቤቱም ያቅምሰው» ብላለች።

ሙህዲን


ከደሴቲቱ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሙህዲን፣ ይቅር በለኝ።

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ፤ ይቅርታው ይቅደም። ማንም አልሰጠመም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠህ እንድታነበው ነው።

ነገርኳቸው።

ያንተ ደብዳቤ አልደረሰኝም ነበር፤ አሁንም አልደረሰኝም። ምን እንደምትለኝ አላጣሁትም። ልታዘዝህም ተነሥቼ ነበር፤ ይህን እወቅልኝ። ያን ቀን የጀልባው ጠርዝ ላይ ቆሜያለሁ። ከሥሬ ያለው ውሃ ሰማያዊነቱን ትቶ ጠቁሯል። እንቁራሪቷ ከነትምህርቷ ከራሴ ወጥታ ሄዳለች። ቢሆንም ሙህዲንን ከማዋርድ ልስጠም ብዬ ሸሃዳዬን ጨርሼ ነበር። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እገባ ነበር።

ይኸኔ አንዲት ሲኞራ ልጇን ብድግ አድርጋ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሊና ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ከግልገል አትከብድም። ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመችና ጆሮዬ ሥር «አንተ ትችላለህ አይደል?» አለችኝ።

ሲኞር ጂኖን ዋሽቻለሁ። ዳኛውን ዋሽቻለሁ። ያልጾምኩትን ጾም ጾምኩ ብያለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ለእሷ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«አልችልም» አልኳት። በልጅነቴ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ በለቀምኳት ጣልያንኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ዋና አላውቅም። አውቄም አላውቅም።»

ከዚያ የሆነውን አልጽፍልህም። ሲኞር ጂኖ ካለኝ ውስጥ ግማሹን ቃል ካምፕ ውስጥ አላስተማሩኝም። ሲኞራዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ሙሳ ልጅቷን ተቀብሎኝ እኔን በትከሻዬ ይዞ ወደ ጀልባው መካከል አስቀመጠኝ።

ሲኞር ጂኖ በዋሴ ላይ ደብዳቤ ጽፏል። ወደ ከሚሴ ነው የሚመጣው፤ ወደ አንተ። አንተን አውጥቼ ሰጠሁህ። ከዚህ የሚበልጥ በደል አልሠራሁብህም፤ ደግሞ ያቺን ልጅ ቢያስታቅፉኝ ያንኑ እላለሁ። ለዚህም ይቅር በለኝ።

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለረቢአ የምትነግራትን አንተ ታውቃለህ።

አብዱሰላም


ከሚሴ፣ ጥር 18 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሶዳዬ ለአብዱሰላም፤

እንደምን ሰንብተሃል? ታኅሣሥ 20 የጻፍኩልህ ደብዳቤ ካልደረሰህ አልሃምዱሊላህ። ከደረሰህ ጭኮውን ብላና ወረቀቱን ቅደደው። መኪናው በመዘግየቱ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌር መረቅሁ።

ይቅርታህን ኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ የሆነውን ስማ። ማክሰኞ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ሹሙ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም ወረቀት፣ የእኔንና የሲኞርህን፣ ጎን ለጎን ዘርግቷል።

«ዋሱ አንተ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«ይዋኛል ብለህ ፈርመሃል።»

«ይሻገራል ብዬ ነው ጌታዬ።»

«በምን?»

መዋሸት የነበረብኝ እዚያች ላይ ነበር። ተዘጋጅቼባት ነበር፤ አዙሪት አለበት፣ ባሕር ሲያይ ይነሣበታል ልል ነበር። ወላሂ ጥሩ ውሸት ነበረች፣ ሦስት ቀን የደከምኩባት። ግን አይቻት የማላውቃት፣ አንተ ያቀፍካት ያቺ ልጅ አንገቴ ላይ ከበደችኝ።

«በበሬ ጌታዬ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። ሹሙ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባውንም አየ። «በሬ የሚል እዚህ የለም» አለ።

«የለም ጌታዬ። ሳልጽፈው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እስከ የካቲት 20 ቀነ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ወይ የሚዋኝ ሰው አምጥቼ በቦታህ እተካለሁ፣ ወይ ከሳሹ ትቻለሁ የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ይልካል፣ ወይ ደግሞ ራሴ ወህኒ እገባለሁ። የሚዋኝ ሰው ከከሚሴ ከየት ላምጣ? ኦቦ ዓብዱን?

ለረቢአ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዷን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«እንግዲያው ሱቅ የለም?»

«የለም።»

«ቀዩ ሻሽም?»

«እሱም የለም።»

«ልጅቷን ይዞ ውሃ ውስጥ አልገባም?»

«አልገባም።»

ከዚያ ተነሥታ ምሳ አቀረበች፤ በቅቤ የታሸ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ዓይነት። ለአንተ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ በዋስነት በላሁት።

አልተቀየምኩህም። እፈራለሁ እንጂ አልተቀየምኩህም። ረመዳን ሊገባ ነው። ታስሬ እንድጾም ካልፈለግህ ሲኞርህን ለምነው።

ሙህዲን


ከደሴቲቱ፣ የካቲት 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሙህዲን፤

ረመዳን ሙባረክ። ሌላውን ሳታነብ ከዚህ ጋር ያለውን ባለ ማኅተም ወረቀት አውጥተህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሩጥ። ሲኞር ጂኖ ክሱን ትቷል። ስትመለስ የቀረውን አንብብ።

ልቡ ራርቶ አይደለም። ለምኜው ነበር፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ጉዳዩን የጨረሰችው የሊና እናት ናት። የብርዱን ወራት እዚሁ ልታሳልፍ ቤት ይዛለች፤ ሌሎች እናቶችም አብረዋት አሉ። ሲኞር ጂኖ ልጆቹን የሚጠብቁ ሦስት አዳዲስ ሰዎች ከምጽዋ አስመጥቶ ፊቷ አሰለፈ። አንዱ እንደ ዓሣ እዋኛለሁ አላት። አንዱ ከዓሣ እሻላለሁ አለ። ሦስተኛው ዓሣ አስተምሬ አውቃለሁ ሳይል አልቀረም።

«እነዚህ ሁሉ እንችላለን ይላሉ» አለችው። «ያኛውም እችላለሁ ይል ነበር። ልጄን ሲይዝ ግን አልችልም አለ። እሱን ነው የምፈልገው።»

«ሲኞራ፣ ሰውዬው እኮ ውሃ ይፈራል!»

«ለዚህ ነው» አለች። «እኔም እፈራለሁ። የማይፈራ ሰው ዓይኑን ከልጅ ላይ ያነሣል።»

ስለዚህ ፍርሃቴን ቀጠሩት። ሙህዲን፣ አትሳቅ፤ ሰሌዳው ላይ ስሜ አለ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃው ዳር ተቀምጬ አምስት ልጆች እቆጥራለሁ። ፊሽካ አንገቴ ላይ አለ፤ ከነፋሁ ሙሳ ይገባል። እናቶቹ ዘይት ተቀብተው ተኝተዋል፣ አባቶቹ ደሴቲቱን ዞረው ያጨበጭባሉ። ዕረፍት የሚሉት ይህ ኖሯል፤ እነሱ የሚጫወቱት እኔ ስለምፈራላቸው ነው። እውነቴን ነው፣ እንደ አሁኑ ፈርቼ አላውቅም። በፊት ለአንድ ነፍስ ነበር የምፈራው፤ አሁን ለአምስት ነው። ግን ቢያንስ አልዋሽም።

አዎ፣ ጾሙን ይዤዋለሁ። የእውነት።

መስመሩ የተጣመመው ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ስላልሆነ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አሉ። ለረቢአ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በሌለ ሱቅ ስላታለልኳት ራሴ መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ በላት፤ ለዒድ ካልቻልኩ ለአረፋ። ደግሞ ንገራት፣ ጭኮውን ሙሳም ቀምሶ

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ሙህዲን፣ ቆየኝ።

ወጣች። ሊና ናት። ዛጎል ልታነሣ ከጀልባዋ ጥላ ሥር ጎንበስ ብላ ነበር፤ ውሃው ጉልበቷን እንኳ አልደረሰም። ፊሽካውን አልነፋሁትም። አፌ ውስጥ ነበር፣ ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። ሙሳ ሲጠራኝ ነው የነቃሁት፤ ከነልብሴ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። እጇን ይዤአታለሁ፤ «ያመኛል፣ ልቀቀኝ» ትላለች። ጣቶቼ ናቸው እምቢ ያሉኝ። ሙሳ ነው አንድ በአንድ የፈታቸው።

አሁን አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። አምስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አምስት ናቸው።

አብዱሰላም